ቦቢ ቦኒያ ያቆየው ገንዘብ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዲሲና አካባቢዋ ያደጋችሁ ልጆች ቤዝቦልን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ተጫዋች ኪስ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ቦቢ ቦኒያ በ1963 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ተወለደ። ስሙ የገነነው በፒትስበርግ ፓይሬትስ ክለብ ነው። በ1991 መጨረሻ ኒውዮርክ ሜትስ ለ5 ዓመት በ29 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። ያኔ በቤዝቦል ከሱ በላይ የሚከፈለው አልነበረም። በ1997 ደግሞ ከፍሎሪዳ ማርሊንስ ጋር ዋንጫ በላ።

በ1999 ወደ ሜትስ ሲመለስ ግን አልሆነለትም። ክለቡ ሊያሰናብተው ፈለገ። ውሉ ላይ ገና 5.9 ሚሊዮን ዶላር ይቀረዋል።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው «ገንዘቤን ስጡኝና ልሂድ» ይላል። ቦኒያና ወኪሉ ዴኒስ ጊልበርት ግን እንዲህ ተስማሙ፦ ገንዘቡ እስከ 2011 ይቆይ፤ በዓመት 8 በመቶ ወለድ ይታሰብበት። ከዚያ እስከ 2035 ድረስ በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን 1,193,248 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይከፈል። እቁብ የምትጥሉ እናቶች ይገባችኋል። መጨረሻ ላይ የሚወጣ ዕጣ ነው፤ ይሄኛው ግን በቆየ ቁጥር ይወልዳል።

5.9 ሚሊዮኑ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። 25ቱ ክፍያ ሲያልቅ በድምሩ 30 ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳ የገባው በ2001 ነው። የመጨረሻው ክፍያ ሲደርሰው 72 ዓመቱ ይሆናል።

ሜትስ ለምን እሺ አሉ? ባለቤቶቹ በርናርድ ማዶፍ የሚባል፣ በኋላ አጭበርባሪ ሆኖ የተገኘ የገንዘብ አስተዳዳሪ ጋ ገንዘብ ነበራቸው፤ ከ8 በመቶ በላይ እናተርፋለን ብለው አስበዋል። በዲሴምበር 2008 ማዶፍ ሲያዝ ትርፉ ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ሆኖ ተገኘ። ሰው በክለቡ ሲስቅ ግን አልወድም። በ2000 ያን ደሞዝ ባለመክፈላቸው ለሌሎች ተጫዋቾች የሚሆን ገንዘብ ተረፋቸው፤ በዚያው ዓመት ለፍጻሜ ደረሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ቦኒያ መታገስ የቻለው ኪሱ ሙሉ ስለነበር ነው። የቤት ኪራይ የደረሰበትን ሰው «11 ዓመት ጠብቅ» ማለት ግፍ ነው። ብዙዎቻችሁ በየወሩ አገር ቤት ትልካላችሁ። ከዚያ የሚተርፈው ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ያም ሆኖ ወጣቶቹን አንድ ነገር ልጠይቅ። ስራ ስትገቡ የተሰጣችሁን የፎር ኦ ዋን ኬ (ከደሞዝ እየተቆረጠ ለጡረታ የሚቆጠብ ገንዘብ) ቅጽ «በኋላ እሞላዋለሁ» ብላችሁ ያቆያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ብዙ ቀጣሪዎች እናንተ ስታዋጡ እነሱም ይጨምራሉ። ካላዋጣችሁ እነሱም አይጨምሩም። በ22 ዓመታችሁ የምታስቀምጡት 50 ዶላር ደግሞ በ45 ዓመታችሁ ከምታስቀምጡት ጋር እኩል አይደለም፤ የሚወልድበት 23 ዓመት ተጨማሪ አለው። ቦኒያ 11 ዓመት ነው የጠበቀው፤ እናንተ 40 ዓመት አላችሁ።

ሻይ ከሚቀዳበት ጎን ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ቅጹን ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ኑ፤ አዳራሹ እስኪዘጋ አብረን እንሞላለን። አመሰግናለሁ።