ከየት ተነስቶ ነው የዘገየው?

...አዎ፣ ጋሼ ስትሮክ መቷቸው ነበር፤ አሁን ደህና ናቸው። መልእክት የላካችሁልኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናቸውን ጀምረዋል። ቀኝ እጃቸው ብቻ ነው ገና ያልተመለሰው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያ የአንጎላቸው ምስል ነው። ዶክተሯ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። የአንጎላቸው ግራ በኩል ቢጫና ቀይ ሆኗል። ጣቷን ቀዩ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ደሙ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው» አለች። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ፣ ሥራዬ በደም ቧንቧ ውስጥ ያለውን ፍሰት በኮምፒውተር ማስላት ነውና ያው የቧንቧ ነገር አይለቀኝም፣ «ከየት ተነስቶ ነው የዘገየው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «እሱን ሶፍትዌሩ አይለይልንም» አለች። «ከአንገታቸው ምስል ጋር አብረን ነው የምናየው።»

ያ ቀይ ቀለም እኮ በስሌት የመጣ ነው። ክንድ ላይ ኮንትራስት፣ ማለት ምስሉ ላይ ደሙን አጉልቶ የሚያሳይ ፈሳሽ፣ ይወጋሉ፤ ሲቲው፣ የራጅ ማሽኑ፣ በየአንድ ሁለት ሰከንዱ አንጎሉን ፎቶ ያነሳል። ሶፍትዌሩ አንድ ትልቅ የደም ቧንቧ ይመርጥና ኮንትራስቱ እዚያ መቼ እንዳለፈ፣ የአንጎሉ ሥጋ ውስጥ መቼ እንደደረሰ ያነጻጽራል። ብዙ ጊዜ ከ6 ሰከንድ በላይ የዘገየው አደጋ ላይ ነው ይባላል። መሃል ያለው መንገድስ? ኮንትራስቱ እዚያ ይበተናል። መሃል መሃሉን የያዘው ይሮጣል፣ ግድግዳው ጥግ ያለው ይንቀራፈፋል። የጋሼ ካሮቲድ፣ በአንገት በኩል ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ቧንቧ፣ ደግሞ ጠቧል! የመንገዱ ጥፋት በሥጋው ይላከካል ማለት ነው።

ይሄን ሲሙሌሽን፣ ማለት ፍሰቱን በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት፣ ሊያሰላው ይችላል። የሰውየውን የራሱን ቧንቧ ቅርጽ ከሲቲው ትወስዳለህ፣ የፈሳሽን አፈሳሰስ የሚገልጸውን የናቪየር-ስቶክስን ቀመር ትፈታለህ፣ መበተኑን አውቀህ ከውጤቱ ታወጣዋለህ። በልብ በኩል እኮ ከሲቲ ምስል ተነስቶ የደም ፍሰትን የሚያሰላ ሶፍትዌር አሜሪካ ውስጥ በ2014 ተፈቅዷል። ሽቦ ልብ ድረስ ሳይገባ! ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው።

ግን ደግሞ... መግቢያው ላይ ስንት ደም እንደሚገባ፣ መውጫው ላይ ግፊቱ ስንት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ የምነግረው እኔ ነኝ። ገምቼ። ጥቃቅኖቹ ቧንቧዎች ሲቲው ላይ አይታዩም። ጊዜውስ? ከባድ ስትሮክ ላይ በደቂቃ ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋስ ይሞታል ይባላል። የእኛ ስሌት አንዳንዴ አድሮ ነው የሚያልቀው።

ምናልባት አንገታቸው ቀድሞ በሲቲ የተነሳ ሰዎች ካሉ፣ ስሌቱን አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ... ግን ግፊቱ የዚያን ቀን ሌላ ነው። ቧንቧው ራሱ የዚያን ቀን ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እና እንግዲህ... እስቲ ቆይ፣ መግቢያውን ብቻ ከዚያው ከሲቲው ብንወስደውስ...