ዮክ እና አንክል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ ያሰብኩት ኮሪያ ውስጥ ስላሉ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ነው።

ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የኮሪያ ዘማች ነበሩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አባባ» ነበር የሚላቸው። ማታ መብራት ሲጠፋ ደጃቸው ላይ ተሰብስበን ስንጫወት፣ ድንገት እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «ቆይ፣ ልስማ።» ሁላችንም ጭጭ። ውሻ ይሆናል፣ ወይ ነፋስ የሚያንኳኳው ቆርቆሮ። እሳቸው ግን ምን እንደሆነ ሳይለዩ ጨዋታው አይቀጥልም። የዕድሜ ነገር ይመስለኝ ነበር። ስለ ቃፊር ምሽግ ማንበብ ስጀምር ነው የገባኝ።

ቃፊር ምሽግ ከዋናው የመከላከያ መስመር ወደ ጠላት ወጣ ብላ ጉብታ አናት ላይ የምትቆፈር ናት። ጉድባ፣ በአሸዋ ጆንያ የተሸፈነ ጉድጓድ፣ ዙሪያዋን እሾሃማ ሽቦ፣ ውስጧ ጥቂት ሰው። ጠላት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። እሷ የምትቆየው ከኋላ ያለው ጦር ነቅቶ እስኪዘጋጅ ነው፤ የተቆፈረችውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ እዚያ የሚያድር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሥራው መስማት ነው። አባባ ሽቦው ላይ ባዶ ጣሳ ያንጠለጥሉ እንደነበር ነግረውኛል፤ አይጥ ስትነካው እንኳ ልብ ይመታል አሉኝ።

ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው ጦር፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዞ ቡሳን ገባ። ልጆቹ የክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ የሻለቃው ስምም የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፣ አባ ቃኘው። ኮሪያ ላይ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፉ። ሦስተኛው ሻለቃ በሌተናል ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ አዛዥነት ግንባር ላይ በነበረበት በ1945 ጦርነቱ ከቦታው መንቀሳቀስ አቁሟል። ሁለቱም ወገን መሬት ቆፍሮ ተቀምጧል። ከሸለቆው ማዶና ማዶ ይተያያሉ፣ ለአንድ ኮረብታ ሌሊት ሌሊት ይጋደላሉ።

ከቾርዎን ከተማ በስተምዕራብ፣ የእኛ ልጆች ከያዟቸው ቃፊር ምሽጎች ሁለቱ ዮክ እና አንክል ይባሉ ነበር። ስሞቹ በዚያን ጊዜ አሜሪካኖች በሬዲዮ ፊደል ሲጠሩ የሚጠቀሙባቸው ናቸው፤ ዋይ ለሚባለው ፊደል «ዮክ»፣ ዩ ለሚባለው «አንክል»። ትርጉማቸውን አስቡት ግን። አንዷ ቀንበር፣ ሌላዋ አጎት። በሬ ጠምዶ ያደገ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ቀንበር በምትባል ጉብታ ላይ ሌሊት ሲጠብቅ! ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ግንቦት 11 ቀን 1945 ዓ.ም. ሌሊት አንድ ወጣት መኮንን 15 ገደማ ወታደሮች ይዞ ከዮክ ፊት ለፊት ወዳለው ሸለቆ ለቅኝት ወረደ። እዚያው ሸለቆ ውስጥ በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የቻይና ጦር ወደ ምሽጎቹ እየመጣ ነበር። ተገናኙ። ልጆቹ በጨለማ ተኝተው አስጠግተው ተኮሱ፣ ከኋላ መድፍ ተጠራላቸው፣ ምሽጉም በጠላት መድፍ ተቀጠቀጠ። ሲነጋ ቦታው አልተለቀቀም ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከውጊያው በፊት ያለችው ደቂቃ ናት፤ ጠላት ሲቀርብ እየሰሙ፣ ትንፋሽ ይዘው፣ ሳይተኩሱ የጠበቁባት።

በዚያ ወር የሰላም ንግግሩ ፓንሙንጆም ላይ ገና አላለቀም ነበር። ለወራት ያጓተተው ደግሞ የምርኮኞች ጉዳይ ነው። ተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ተፈረመ፤ ሁለቱም ወገን ከመስመሩ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ምሽግ ባዶውን ቀረ። ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያውያን የተማረከ አንድም አልነበረም።

ይህችን ሁላችንም እናውቃታለን፤ «ያልተማረኩት፣ ሬሳ ትተው ያልመጡት»። ኩራት ነው፣ እኔም እኮራለሁ። ግን በፍጥነት እንላትና እናልፋለን። ከ120 በላይ ልጆች ሞተዋል። በደርግ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ዘማቾቹ ሜዳሊያቸውን ደብቀው የኖሩበት ዘመንም አለ። አባባም የእሳቸውን ያሳዩን ዘግይተው ነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

አንድ ቀን፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ በዚያ ጨለማ የሞተውን እንዴት ነበር የምታመጡት?»

ብዙ ቆዩ። ስኒያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ጫማው ነው የሚያስቸግረው ልጄ» አሉኝ። «ሽቦው ይይዘዋል። ጣሳው እንዳይጮህ ቀስ ብለህ ታላቅቀዋለህ።»