ሃይድሮጅን ያለበት እቶን መብራት ሲጠፋበት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነው የማወራችሁ። ነገሬ ሃይድሮጅን ስለሚገባባቸው የፋብሪካ እቶኖች ነው፤ ብረት ሳይጠቁር እንዲለሰልስ የሚግልባቸው።

እዚህ ከተማ ብየዳ ቤት የዋለ ሰው እጁ የለመደው ቡታጋዝ ነው። ቡታጋዝ ሲያፈስ ይሸታል፣ ወደ ወለልም ይወርዳል። ሃይድሮጅን አይሸትም፤ ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ቆርቆሮው ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ጋዝ ጠቋሚው ከእቶኑ በላይ፣ ማስተንፈሻውም የጣሪያው አናት ላይ ይሁን። ቡታጋዝ የሚነደው ከአየሩ ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ ሲይዝ ነው፤ ሃይድሮጅን ግን ከ4 እስከ 75።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ከጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የሚነደውን ነበልባል ነው። እሱ እኮ ጤነኛ ነው፣ የሚወጣውን ጋዝ ይበላልናል! እኔን የሚያሳስበኝ መብራት የጠፋ ለት ነው። እቶኑ ከ760 ዲግሪ በላይ ሲግል ሾልኮ የገባ አየር እዚያው ነዶ ያልቃል። ሲቀዘቅዝ ግን ከ800 ወደ 30 ዲግሪ የወረደ ጋዝ ከሲሶ በታች ይሆናል። የጎደለውን በበሩ ማሸጊያ በኩል የሚሳብ አየር ይሞላዋል። ከዚያ መብራት ይመጣና ማሞቂያው በራሱ ይነሳል። በቃ፣ ይፈነዳል።

መድኃኒቱ ያለ መብራት የሚገባ ናይትሮጅን ነው። መብራት ሲጠፋ የሃይድሮጅኑ ቫልቭ በስፕሪንግ ይዘጋ፣ የናይትሮጅኑ በስፕሪንግ ይከፈት፤ ማሞቂያውም ሰው ካልነካው አይነሳ። መጠኑ ቢያንስ የእቶኑን ይዘት 5 እጥፍ ነው። 400 ሊትር የሚይዝ እቶን 2,000 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 50 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ተሞልቶ ወደ 10,000 ሊትር ይሰጣል። ቢበቃም፣ እቶኑ እስኪበርድ መፍሰስ ስላለበት ሁለተኛ ሲሊንደር ተገጥሞ ይቆይ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው ያንን ሲሊንደር “ለዛሬ ብቻ” ብሎ ለሌላ ሥራ መውሰድ ነው። ሥራ ሲጀመርም ያው ነው፤ መጀመሪያ 5 እጥፍ ናይትሮጅን፣ ቀጥሎ የማውጫው ፓይለት (የሚወጣውን ጋዝ የሚለኩሰው ትንሽ ነበልባል) መንደዱን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ሃይድሮጅን። አደራ፣ ናይትሮጅን የሞላበት እቶን ውስጥ አንገት አይገባም፤ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል።

ከቱቦ ያፈሰሰ ሃይድሮጅን ቢቀጣጠልስ? ነበልባሉ በቀን አይታይም፣ ሙቀቱም ከሩቅ አይለበልብም። ነበልባል ጠቋሚ መሣሪያ ከሌለ የድሮው ዘዴ ደረቅ የሣር መጥረጊያ ነው፦ ረጅም እጀታ ታስሮለት ወደፊት ተዘርግቶ በዝግታ መሄድ። ጫፉ በድንገት እሳት ከያዘ ነበልባሉ እዚያ ነው። ማጥፊያ አይነፋበት፤ እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ ከቀጠለ ጣሪያው ሥር ተጠራቅሞ ይፈነዳል። ምንጩ ነው የሚዘጋው፣ ውኃውም አጠገቡ ያሉትን ሲሊንደሮች ለማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ዋናው መዝጊያ ታዲያ እቶኑ ጎን ከሆነ ማን ይደርስበታል? ከበሩ ውጭ፣ በግድግዳው ላይ ይተከል።