ማሽን ስላይድ አይቶ ካንሰር የሚለየው እንዴት ነው?

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። ከመሐል ሜዳ የመጣ ሚኒባስ መናኸሪያ ይገባል።]

አንዲት እናት ከመንዝ ለሕክምና ደብረ ብርሃን መጥተዋል እንበል። ጡታቸው ላይ እብጠት አለ። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ሴሎች ይወስዳል። ሴሎቹ ስላይድ በሚባል ቀጭን መስታወት ላይ ይቀባሉ፣ ቀለም ይነከራሉ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባሉ። ቀሪው የፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ሴል አይቶ በሽታ የሚለየው ሐኪም፣ ዓይን ነው። ፓቶሎጂስት ደግሞ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም። ታዲያ ኮምፒውተር ቢያግዝስ? ያግዛል። ግን እንዴት እንደሚሠራ ሳናውቅ ብናምነው ጉድ ይፈላል።

[ምስል፦ ሁለት ሴሎች ጎን ለጎን፤ አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ የካንሰር።]

መጀመሪያ ኒውክለሱን፣ ማለትም የሴሉን እምብርት፣ እንይ። የጤነኛ ሴል ኒውክለስ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ከጎረቤቶቹም ጋር ይመሳሰላል። የካንሰር ሴል ኒውክለስ ግን ይተልቃል፣ ይጠቁራል፣ ጠርዙ ይጎረባብጣል። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዊሊያም ዎልበርግና የኮምፒውተር ባለሙያ ባልደረቦቹ ይህንኑ ወደ ቁጥር ለወጡት። በመርፌ የተወሰዱ 569 የጡት ናሙናዎች ነበሯቸው። 212ቱ ካንሰር፣ 357ቱ ካንሰር ያልሆኑ። ከእያንዳንዱ 30 ልኬት አወጡ፦ የኒውክለሱን ስፋት፣ ዙሪያ፣ የጠርዙን መሰርጎድና የመሳሰሉትን። ዳታው ለሁሉም ክፍት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ካላችሁ ጠይቁት፣ ሳያውቀው አይቀርም።

ዛሬ ልኬቱን ሰው አይመርጥም። ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው ሞዴል ምስሉንና የሐኪሙን መልስ አብሮ ይቀበላል። ይገምታል። ሲሳሳት በውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ። እንደገና ይገምታል። ከስንዴ እንክርዳድ መልቀም የለመድነው ደንብ ተነግሮን ሳይሆን አይተን፣ ተሳስተንና ታርመን ነው፤ ይኸም እንደዚያው ነው። አንድ ሙሉ ስላይድ በስካነር ሲነሳ ከቢሊዮን በላይ ፒክስል (የምስል ነጥብ) ሊኖረው ስለሚችል በትንንሹ ተቆራርጦ ነው የሚሰጠው።

[ምስል፦ ሐምራዊና ሮዝ ስላይድ፣ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ።]

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ካሜሊዮን በተባለ ውድድር ሞዴሎች የጡት ካንሰር ወደ ንፍፊት መዛመቱን በ129 ስላይዶች ላይ ተፈተኑ። ምርጦቹ ከ11 ፓቶሎጂስቶች በልጠው ተገኙ። ዜናው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ፓቶሎጂስቶቹ ግን ያን ሁሉ ስላይድ በሁለት ሰዓት ገደማ እንዲጨርሱ ነበር የተጠየቁት። ማን እንዲህ ይሠራል? ጊዜ ሳይገደብበት ያየው ፓቶሎጂስት ከምርጦቹ ሞዴሎች ጋር ተቀራራቢ ውጤት ነበረው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ሄማቶክሲሊን የሚባለው ቀለም ኒውክለሱን ሐምራዊ ያደርገዋል፣ ኢኦሲን ቀሪውን ሮዝ። ግን ቀለሙ ምን ያህል ተበጠበጠ? ስላይዱ ስንት ደቂቃ ተነከረ? ናሙናው ወፍራም ነው ቀጭን? እያንዳንዱ ላብራቶሪ የየራሱ እጅ አለው። በአውሮፓ ስላይድ የሠለጠነ ሞዴል የደብረ ብርሃንን ስላይድ ሲያይ በቀለም ልዩነት ብቻ ሊደናገር ይችላል። ስለዚህ ለእኛ ቀዳሚው ሥራ ኮድ መጻፍ አይመስለኝም። የቆዩ ስላይዶችን ከነውጤታቸው በሥርዓት ማስቀመጥ ነው። አሰልቺ ነው፣ ዜናም አይሆን። ግን የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ከኮምፒውተር ተማሪዎች ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ያሉት በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የአንድ ታካሚ ምስሎች ግማሹ ለማሠልጠኛ፣ ግማሹ ለፈተና ከገቡ ፈተናው አስቀድሞ ወጣ ማለት ነው።

[ምስል፦ 1000 ነጥቦች፤ 10ሩ ቀይ።]

«99 በመቶ ትክክል» ሲሏችሁም አትቸኩሉ። ከተመረመሩ 1000 ሴቶች 10ሩ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምንም ሳያይ ሁሉንም «ጤነኛ» የሚል ፕሮግራም 99 በመቶ ትክክል ነው! አንድም በሽተኛ ግን አላገኘም። ሌላ ሞዴል ከታመሙት 90 በመቶውን ይይዛል እንበል፣ ከጤነኞቹም 90 በመቶውን በትክክል ያልፋል። 9 ተያዙ፣ 1 አመለጠች። ከ990 ጤነኞች ግን 99ኙ በከንቱ ደነገጡ። ከእነዚህ አንዷ ከመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ የመጣች ብትሆን ለድጋሚ ምርመራ ያን ሁሉ መንገድ ትመለሳለች፤ የትራንስፖርቱን ለራሷ ከፍላ።

[ምስል፦ ስልክ የተገጠመበት ማይክሮስኮፕ።]

እኔን ከጠየቃችሁኝ ማሽኑን መጀመሪያ የምቀጥረው ካንሰር እንዲለይ አይደለም። ናሙናው በቂ ሴል አለው ወይ? ቀለሙ ይዟል ወይ? ይህን ይንገረን። በመርፌ የተወሰደው አንዳንዴ ደም ብቻ ሆኖ ይገኛል። ይህ የሚታወቀው ስላይዱ ተራ ደርሶት ሲነበብ ከሆነ ታካሚው አገሩ ገብቷል። ማሽኑ በደቂቃዎች ውስጥ «አይበቃም» ካለ ግን ሐኪሙ እዚያው መርፌውን ይደግማል፤ ካንሰር ነው አይደለም የሚለውን ፓቶሎጂስቱ ይወስናል።