የእናቴ መጋረጃና 48 ቮልቱ ድሪል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ድሪል ነው፣ ገመድ ስለሌለው፣ በባትሪ ስለሚሠራው።

እናቴ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የጠየቀችኝ መጋረጃ እንድሰቅልላት ነበር። ሄጄ ድሪል ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 48 ቮልት ይላል፣ ሁለት ባትሪ አለው፣ ፑንታው፣ የሚበሳው ብረት ማለት ነው፣ ሣጥን ሙሉ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ ከመስኮቱ በላይ መብሳት ጀመርኩ፣ ልስኑን አለፈና ቆመ። ይጮኻል፣ ይዞራል፣ አይገባም። ባትሪው አለቀ፣ ቀየርኩ፣ ሁለተኛውም አለቀ። እናቴ ወንበሩን ደግፋ ይዛ «ተወው ልጄ፣ በምስማር እናደርገዋለን» ትለኛለች። መስኮቷን ባዶ ትቼ መሄዴ በጣም ነበር የከነከነኝ።

ባትሪውን ጥገና የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኩት፣ ፈታው። ውስጡ ያለው አምስት የሊትየም ባትሪ ድንጋይ ነው። የአንዱ ድንጋይ ቮልት 3.6 ነው፣ አምስቱ በተርታ ሲያያዙ 18 ይመጣል። ቻርጅ ሞልተው ሲወጡ እያንዳንዳቸው 4.2 ስለሚደርሱ 21 ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ለ48 ቮልት 13 ያህል ድንጋይ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ በዚያች ባትሪ ውስጥ አይገባም። በነገራችን ላይ «20 ቮልት ማክስ» የሚባለውና 18 የሚባለው አንድ ናቸው፣ አንዱ ሙሉውን ቻርጅ ይጽፋል፣ ሌላው መካከለኛውን። እሱ ችግር የለውም። አምስት ድንጋይ ላይ 48 መጻፍ ግን ማታለል ነው፣ ሰው ስንት ወር ያጠራቀመውን ብር ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ቮልቱን 18 አድርገው እላለሁ፣ ከዚያ አምፔር ሰዓቱን እይ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚናገረው እሱ ነው። 18 ቮልት በ2 አምፔር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ነው፣ 4 ከሆነ እጥፉ። እጅህ ላይ መዝነው ደግሞ፣ 4 የተጻፈበት ከ2ቱ እኩል ከቀለለ ተጠራጠር። ብር ከተረፈ ሞተሩ ብራሽለስ የሚባለው ይሁን፣ እየተፋተገ የሚያልቅ ካርቦን የለውም።

ግን እኔ ዋናውን ጥያቄ አልጠየቅኩም ነበር። ግድግዳው ምንድነው? የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙው ብሎኬት ነው፣ ከመስኮት አናት ላይ ያለው ግን ብረት ያለበት አርማታ ነው፣ መጋረጃ ደግሞ የሚሰቀለው እዚያው ላይ ነው! የኔ ድሪል መዞር ብቻ ነበር የሚችለው። የመዶሻ ምልክት ያለበት ድሪል ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች አሉ፣ እነሱ ሲፋተጉ ፑንታው እየዞረ ይመታል። ለብሎኬት እሱ ይበቃል፣ የግድግዳ ፑንታ ይኑረው እንጂ፣ የብረቱን ወይም የእንጨቱን አስገብታችሁ አታቃጥሉት። አርማታ ላይ ግን ያ መምታት ትንሽ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ኤስዲኤስ የሚባለው ነው፣ ውስጡ ፒስተን አለ፣ በታመቀ አየር ነው የሚመታው። ለአራት ቀዳዳ ብሎ እሱን መግዛት ደግሞ ልክ አይመስለኝም። ተከራዩ፣ ወይም ከጎረቤት ተዋሱ።

እኔም ተዋስኩ። አራቱን ቀዳዳ ለመጨረስ ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ፊሸሩን፣ ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ፣ ብሎኑን በራሴ ድሪል አሰርኩት፣ ለዚህ ጎበዝ ነው፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቁጥር ዝቅ ካደረጋችሁት የብሎኑን ራስ ሳይበላ ራሱ ያቆማል። እናቴ ነጩን መጋረጃ አወጣች፣ ስንት ጊዜ ተኩሳ አጣጥፋ ያስቀመጠችውን።

ድሪሉ አሁን እሷ ጋ ነው። ሊትየም ባትሪ ባዶውን ከከረመ ይሞታል ብዬ ነግሬያት ነበር፣ ጎረቤት ተውሶ በመለሰው ቁጥር መጀመሪያ ቻርጀሩ ላይ ትሰካዋለች።