«አልታመምም እማማ»

እሺ፣ እየቀዳ ነው። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ በሕይወት አለ። በየሳምንቱ «ታረደ ወይ?» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ነው። ለፋሲካ ይሄዳል ብለን ነበር፣ ተረፈ። አሁንማ አርጅቷል፣ የሚደፍረውም የለም።

ዛሬ የማወራው ስለ እህቴ ሰርግ ነበር። ቃል ገብቼ ነበር። የድንኳኑን ጉድ፣ የቪዲዮ አንሺውን ጉድ… ይቆየን። አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። እሱን ሳላወራ ሌላው አይመጣልኝም።

የቅዳሜ ልጆቼን ታውቋቸዋላችሁ፣ በረንዳ ያደሩ ልጆችን በሚያነሳ ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ የማገኛቸውን። የማዕከሉን ስም እንደወትሮው አልጠራም። ከነሱ ትልቁ፣ «ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው የሆነ ነገር ይደብቃል» ብሎ የሰደበኝ፣ አዎ እሱ፣ ወጣ። ቤት ተከራየንለት። «ተከራየንለት» ስል እኔ ምንም አላደረግኩም፣ የተጠራሁት ለማጀቢያ ነው። አስተባባሪዋ «አንቺ ትልቅ ሰው ትመስያለሽ፣ ነይ አብረሽን ቁሚ» አለችኝ። እንደ ምርቃት ልውሰደው እንደ ስድብ አላወቅኩም።

ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እዚህ ደሴ በረንዳ ላይ ያገኟቸዋል። መናኸሪያ፣ ፒያሳ፣ ሱቅ ሥር። ገላ፣ ልብስ፣ ምግብ። ከዚያ ማደሪያ። ከዚያ ቤተሰብ ፍለጋ፤ «ማቀላቀል» ይሉታል፣ ሁሌም ቀድሞ የሚሞከረው እሱ ነው። የእሱም ተሞክሯል። አክስቱ ተገኘች። የ2014ቱን ጥቅምት እዚህ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ በጦርነቱ ከተማው ተነቅሎ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ሲፈስ እጅ ለእጅ የተላቀቀው ሰው ብዛት። የተላቀቁት ያኔ ነው። ስትገኝ ግን እሷም ተፈናቅላ፣ ከነልጆቿ አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠጋግታ ነው የምትኖረው። አለቀሱ፣ ተሳሳሙ፣ ተመልሶ መጣ። የት ትተኛው?

ማቀላቀሉ ሳይሆን ሲቀር ሙያ ያስተምራሉ። እሱ ብየዳ ነው የተማረው። አሁን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ከዚያ የሽግግር የሚሉት ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራዩን ሙሉ ይከፍሉለታል፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ቀጥሎ ራሱ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ባልዲ ይሰጡታል። ባልዲው ብርቱካናማ ነው። ለምን ይሄን እንደነገርኳችሁ አላውቅም።

ለነገሩ ብርድ ልብሱን ኮምቦልቻ ያለ ሰው ቀልድ ነው ብሎ ያስባል። ሐረጎን ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬት ይወልቃል። እዚህ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ነው ያለነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲሚንቶ ላይ ለተኛ ሰው ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከነሱ ትንሹ «ብርዱ የሚገባው በጆሮ ነው» ብሎኛል። እኔ በእግር ነው የምል ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮፍያ ሳላደርግ አልተኛም፣ ባለቤቴ ይስቃል።

ቤቱ። ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሰርቪስ ነው። ጭቃ ቤት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ልጁ ገብቶ ቀና አለና ሳቀ። «ድሮ ከሥሬ ነበር፣ አሁን ከላዬ» አለ። ደላላው አልገባውም። በረንዳ ላይ ማዳበሪያ አንጥፎ ያደረ ሰው ብቻ የሚቀልደው ቀልድ ነው። እኔ ለመሳቅ ፈቃድ እንዳለኝም እርግጠኛ አልነበርኩም።

አከራይዋ እማማ እንበላቸው። ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡና እየቀዱ ነው የተቀበሉን። ሕጋቸውን ነገሩን። በር 3 ሰዓት ይዘጋል። ምጣድ ክልክል ነው፣ ቆጣሪ ያቃጥላል። ውሃ ሲመጣ ሁሉም እኩል ይቀዳል። እንግዳ አያድርም። ሁሉንም «እሺ እማማ» አለ።

ከዚያ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ወሎ ነው፣ ይሄ የማይቀር ጥያቄ ነው። አስተባባሪዋ አስቀድማ «የጋራዥ ሠራተኛ ነኝ በል» ብላው ነበር። እውነትም ነው፣ ሠራተኛ ነው። እሱ ግን «የማዕከል ልጅ ነኝ» አለ። ቀጥ ብሎ። ደላላው አይኑን ጨፈነ፣ ኮሚሽኑ ስትሄድ ታየችው መሰለኝ።

እማማ አልደነገጡም። ሲኒውን አቀበሉት። ቶናው ነበር፣ ሁለተኛው። እና እንዲህ አሉት፦ «አንተ ልጅ፣ ስትታመም ማን ይመጣልሃል?»

እሱ ምን አለ መሰላችሁ? «አልታመምም እማማ።»

ይሄ ነው። ይሄው ነው ነገሩ።

እንዴት እንዳለው ልንገራችሁ፣ እዚህ ጋ ነው የማልጨርሰው። ፈጠን ብሎ ነው። ሳያስብ። ደላላ «ስንት ትጨምራለህ?» ሲለው ገበያተኛ እንደሚመልሰው። በር 3 ሰዓት ይዘጋል፣ እሺ። ምጣድ አይቻልም፣ እሺ። ስትታመምስ? አልታመምም። እንደ አንድ ተጨማሪ የኪራይ ግዴታ ተቀበለው። እንደ ቀብድ አቀረበው።

ደላላው ሳቀ። «ወጣት ነው፣ ምን ያመዋል!» አለ። አስተባባሪዋ ሲኒዋን አየች። እኔ ልጁን ነው የማየው። እማማ ደግሞ «ኢንሻአላህ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ኢንሻአላህ፣ ከዚያ ቁልፉን ከነጠላቸው ጫፍ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ጠብቆባቸው ቆዩ። ያቺ ቋጠሮ እስክትፈታ ማንም አልተነፈሰም።

እና ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ታሟል። እኔም አውቃለሁ፣ አስተባባሪዋም ታውቃለች። ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቷል። ሆስፒታል ተኝታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ያለ አስታማሚ አይሆንም። መድኃኒት ሲጻፍ የሚሮጥ፣ ምግብ የሚያመላልስ፣ ሌሊት ጉሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ያኔ የማዕከሉ ዘበኛ ነው ያስታመመው። ጋቢውን አንጥፎ አልጋው ሥር አደረ። ዘበኛው ግን የማዕከሉ ዘበኛ ነው። ከሸዋ በሩ ቤት ጋር አልተሰጠም። ፍራሽና ባልዲ ነው የተሰጠው።

መሐንዲሱ ጓደኛዬ፣ ለሁሉም ነገር መፍትሔ ያለው፣ ታውቁታላችሁ፣ ነገርኩት። «የጤና መድን ያውጣ!» አለ። እሺ፣ ልክ ነው፣ ያውጣ። የማኅበረሰብ ጤና መድን የሚመዘገበው በአባወራና በእማወራ ነው። ስለዚህ ልጁን «አሁን አባወራ ነህ» አልኩት። «የማን?» አለኝ። ሳቅን። በጣም ሳቅን፣ ሆዴን ይዤ። ለምዝገባው ደግሞ መታወቂያ ሊጠየቅ ነው። ለመታወቂያው ቀበሌ የምትኖርበት ቤት የት ነው ይላል። አከራይ ደግሞ መታወቂያ ካላየሁ ይላል። እማማ ባያልፉለት ኖሮ እዚያው ይሽከረከር ነበር። ስንቱ እየተሽከረከረ ነው።

ይሄን ስል «መንግሥትስ?» የሚለኝ አለ፣ ኮሜንቱ ታየኝ። ነገር አልነበረም አልልም። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ደሴ ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች። በረንዳ አዳሪንም የሚመለከት ክፍል ነበረው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ወላጅ አልባ ሕጻናት ልዩ ጥበቃ ይደረግላቸዋል ይላል። ሕጻናት። እሱ 19 ዓመቱ ነው። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። ስለዚህ ገና 10 ዓመት ወጣት ነው፣ እንኳን ደስ አለው። እኔን ግን ይሄ ሁሉ አይደለም የያዘኝ። ገንዘብ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ኪራዩን መክፈል የሚችል ድርጅት ይገኛል። «ማን ይመጣል?» ለሚለው ግን በጀት የለም። ማን ይሁን ብለህ ትመድባለህ?

እህቴ ስነግራት ተናደደች። «ሴትዮዋ ክፉ ናት» አለች። አይደሉም። እሷ አዲስ አበባ ገብታ ደሴን ረሳች። ቅሬን፣ የኛን እድር፣ ረሳች። እዚህ ሰው ቤትህ ውስጥ ሲሞት የአንተ ነው። ቅሬው ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። የሟች ሰዎች ከሌሉ ደረት የምትመታው አከራይዋ ናት። ስለዚህ እማማ የጠየቁት ደህና ጥያቄ ነው። እንዲያውም ከሁላችንም ትክክለኛውን የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኛ ስለ ምጣድ ስንነጋገር እሳቸው ወደ ዋናው ነገር ሄዱ። ግን ደግሞ… እንጃ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ክፍል ለማግኘት እንዳይታመም ቃል መግባት አለበት? አለበት እንዴ? ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሲጠየቅ ግን ልክ ያልሆነ ነገር አለ። የቱ ጋ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፣ ሞክሬያለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ ብቻውን ባይሆን እላለሁ። ጓደኛው ኮምቦልቻ ወርዷል፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ አራት ሆነው አንድ ክፍል ይኖራሉ። አንዱ ሲታመም ሦስት አለ። እንደዛ ይሻል ነበር አይደል? ይኼን ለአስተባባሪዋ አልኳት። «አራት ሲሆኑ ማስቲሹም ይመለሳል፣ አንዱ የሌላውን ስልክ ሸጦ ይጠፋል፣ አይተነዋል» አለችኝ። እሷ ታውቃለች፣ ሥራዋ ነው። ግን እኮ ያኛው ልጅ ደውሎ በሳቅ ነው የሚያወራው። ከኋላው ይጮኻሉ፣ ይጣላሉ ሽሮ ማን ያቁላላ ብለው። የኛው ሲደውል ከኋላው ድምፅ የለም። …እሺ፣ ይሄ ማስረጃ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ራሱ ነው ብቻዬን ልሁን ያለው። በር ከውስጥ ቆልፎ መተኛት ፈልጎ ነው። «ማንም ጫማዬን አይወስደውም» አለኝ። ይሄንን እንዴት ትከራከረዋለህ?

ሰሞኑን ሚስኮል አደረገልኝ። መልሼ ደወልኩ። ምን ጠየቀኝ? «ቅሬ መዋጮ ስንት ነው?» 19 ዓመቱ! እኔ እንኳ አልገባሁም፣ በባለቤቴ ስም ነው ያለነው። «ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «እንዲሁ» አለ። እማማ ይሆኑ ያሉት? ራሱ ነው ያሰበው? አልጠየቅኩትም። ወይስ… ለመግባት ነው ወይስ ለእሳቸው ለማሳየት ነው? ያላገባ ተከራይ ልጅ ይቀበሉስ ይሆን? የኛን ቅሬ ዳኛ ልጠይቃቸው ብዬ ነበር፣ ተያይዘን ስለ ሰርጉ ስናወራ ረሳሁት።

ደላላውን ደግሞ ፒያሳ አገኘሁት። እኔ ሳልጠይቀው፣ «ሴትዮዋ እንዲህ የሚጠይቁት ያለ ነገር አይደለም» አለኝ። ከልጁ በፊት እዚያ ክፍል የነበረ ተከራይ ታሞባቸው ነበር አለ። ዘመድ አልመጣም፣ ብቻቸውን አመላልሰውታል አለ። ዳነ ወይስ ምን ሆነ አልኩት፣ ስልኩ ጠራ፣ «ቆይ እህቴ» ብሎ ሄደ። እንደዛ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ያኔ «ማን ይመጣል?» ማለት «እኔ ልምጣ ወይ?» ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም «ዳግመኛ አልችልም» ማለት። ወይም ደግሞ ደላላ ነው፣ ደላላ የማይለው የለም።

እሁድ ብቅ ልበል እያልኩ ነው። ስኳር ነገር ይዤ። ግን ሄጄ ምን ልል ነው? «እማማ፣ የዛን ቀን ኢንሻአላህ ያሉት…» ቡና ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተብሎ ይጀመራል? ስልኬን ልተውላቸውም እችላለሁ። «ከታመመ ደውሉልኝ» ብዬ። ግን ከተውኩ መምጣት አለብኝ አይደል፣ ሌሊትም ቢሆን። ባለቤቴ ደግሞ… አይ፣ እሱ ምንም አይልም። እኔ ነኝ። እንጃ። እስቲ እሁድ ይምጣ፣ ከሄድኩ…