አውስትራሊያ ስንት ጊዜ ተወለደች?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውስትራሊያ ብሔራዊ በዓሏን የምታከብረው ጃንዋሪ 26 ነው። በ1788 በዚያ ቀን ሲድኒ ላይ የተመሠረተው ግን የእስረኞች ሰፈር ነበር። እንግሊዝ አሜሪካን ካጣች በኋላ ወንጀለኞቿን በግዞት የምትልክበት ቦታ አልነበራትም፤ ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆሙት አሮጌ መርከቦችም በእስረኛ ተጨናንቀው ነበር። ካፒቴን አርተር ፊሊፕ በ11 መርከቦች ከ700 የሚበልጡ እስረኞች ይዞ መጣ። መጀመሪያ የደረሰበት ቦታኒ ቤይ ለነፋስ የተጋለጠ፣ ንጹሕ ውሃውም ጥቂት ስለነበር ወደ ሰሜን ተሻገረ። ምድሩ ባለቤት ነበረው፤ ከነባሮቹ ጋር ግን አንድም ውል አልተፈረመም።

በ1790 የመጣው ሁለተኛው የእስረኛ መርከቦች ጓድ የባሰ ነበር። እስረኞቹን የሚያጓጉዙት ተቋራጮች የሚከፈላቸው በሕይወት ላደረሱት ሳይሆን ለጫኑት ሰው ስለነበረ፣ ከአራት እስረኞች ከአንድ በላይ መንገድ ላይ አለቀ። ኋላ በየመርከቡ ሥልጣን ያለው የመንግሥት ሐኪም ሲመደብ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ።

እስረኛ ሲባል ዕድሜውን በሰንሰለት የኖረ ይመስለናል። አብዛኛው ግን ለገበሬ ወይም ለመንግሥት ሥራ የሚመደብ ነበር። በ1820ዎቹ በወጣው ደንብ 7 ዓመት የተፈረደበት ከ4 ዓመት፣ 14 የተፈረደበት ከ6፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከ8 ዓመት መልካም ጠባይ በኋላ የፈቃድ ወረቀት መጠየቅ ይችላል። ወረቀቱን የያዘ ለራሱ ሠርቶ ያድራል፤ ከወረዳው ግን አይወጣም። ግዞቱ በ1868 ሲያበቃ የተጋዘው ሰው 160,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ከ1851 ጀምሮ ደግሞ ወርቅ ፈላጊው ጎረፈ፤ የእስረኛው ዘር በነጻ መጤ ተዋጠ።

በዚያን ጊዜ አውስትራሊያ አንድ አገር ሳትሆን ስድስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ነበረች፤ እነሱም እርስ በርስ ኬላ ጥለው ቀረጥ ይቀራረጡ ነበር። የቪክቶሪያ ሐዲድ ስፋት 1,600 ሚሊሜትር፣ የጎረቤቷ፣ ሲድኒ ያለችበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ 1,435 ስለነበረ፣ ተሳፋሪው ድንበር ላይ አልበሪ ሲደርስ ወርዶ ባቡር ይቀይራል። በ1898 ስለ አንድነት ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ የኒው ሳውዝ ዌልስ ሕግ ቢያንስ 80,000 ድጋፍ ይጠይቅ ነበር። የተገኘው 71,595 ሆነ፤ ከተቃውሞው ቢበልጥም ወደቀ። በማግስቱ ዓመት ሕዝበ ውሳኔው ያለፈው የአንድነቱ ዋና ከተማ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ነገር ግን ከሲድኒ ቢያንስ 100 ማይል ርቆ እንዲሠራ ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ነው። ካንቤራ የዚያ ድርድር ልጅ ናት።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1901 ፌዴሬሽኑ ታወጀ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 127 ግን ነባር ሕዝቦችን ከሕዝብ ቆጠራ አስወጣ። ይህ የተሰረዘው በ1967፣ ከ90 በመቶ በላይ መራጭ ደግፎት ነው። ከክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ወደ ለንደን የሚሄደው ይግባኝ ደግሞ እስከ 1986 ድረስ ክፍት ነበር።